ሳይዘሩት የበቀለ

አገሩ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መንገዱን አያገኘውም፤ ስለዚህ አትጠይቁ። ዝናብ የሚፈራበት አገር ነበር ብላችሁ ያዙት። ሌላው ዓለም ሰማይ ሲጠቁር ደስ ይለዋል፣ በሬውን ያስባል፣ ማረሻውን ያያል። እዚያ አገር ግን ሰኔ ሲገባ የሰው ፊት ይገረጣል። ሰው ደጁን ደጋግሞ ይጠርጋል፣ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ እያለ ያያል። ዝናብ ሲጥል እንጉዳይ ይበቅላላ! እንጉዳይ የበቀለበት ግቢ ደግሞ ወዮለት።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። የአገሩ ገዢ ነጩ ጌታ ይባላሉ፤ ከጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ካልሆነ አይለብሱም። አባታቸው በሞቱ በአርባኛው ቀን ወንበራቸውን ሊወርሱ መጡ። ወንበሩ ጣሪያው በሚያፈስ እልፍኝ ውስጥ ተዘግቶበት ከርሞ ኖሮ፣ ቢከፍቱት መሀል መቀመጫው ላይ አንድ እንጉዳይ ቆቡን ደፍቶ ቁጭ ብሏል። ያ የጅብ ጥላ የሚባለው፣ ሰፊው። ነጩ ጌታ ቆመው አዩት።

«ማን ዘራው?» አሉ።

ማንም።

«ማንስ አስቀመጠው?»

ማንም።

«ሳይዘሩት በቅሎ፣ ሳይሾሙት ተቀመጠ!» አሉና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጡ።

በማግስቱ አዋጅ ተነገረ። ሳይዘሩት የበቀለ ሁሉ ጠላት ነው። ከነሥሩ ይነቀላል። ሥሩ እስኪያልቅ ድረስ፣ የማንም ግቢ ቢሆን፣ ይቆፈራል። ይህ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ሌላው ሕግ ሁሉ ከሱ በታች ነው።

ሰው እንጉዳይ ብቻ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ሻጋታ ተጨመረ። ከሻጋታ ቀጥሎ አንዱ ሹም ብድግ ብሎ፣ «እርሾስ? እርሾም እኮ ያው ነው። ማንም ሳያዘው ሊጥ ያስነሳል። ዛሬ ሊጥ ያስነሳ ነገ ምን እንደሚያስነሳ ማን ያውቃል?» አለ። ይህን በማለቱ ካባ ተሸለመ። የየቤቱ ቡሃቃ አደባባይ ወጥቶ አመድ ተነሰነሰበት። ከዚያ ወዲያ አገሩ በሙሉ ቂጣ በላ፤ ጠላ የሚባለው ነገር ሽማግሎች በሕልማቸው የሚቀምሱት ሆነ።

ጫካውም አልቀረለትም። ሎሌዎች በአህያ ኖራ ጭነው ዘመቱበትና መሬቱን አነጡት። ከዚያማ የወደቀ ሁሉ እንደወደቀ ቀረ። የዘንድሮ ቅጠል ያምናው ላይ፣ ያምናው ካቻምናው ላይ ተከምሮ ጉልበት ደረሰ። የወደቀ ግንድ በወደቀበት ተጋድሞ ዓመት ቆጠረ። ቆመው የነበሩት ዛፎች ደግሞ ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ። አንድ ጫካ ጠባቂ ሽማግሌ፣ ለጉልበታቸው የሚነግሩ መስለው፣ «ዛፍ ከዛፍ የሚበዳደረው በመሬት ውስጥ ባለው በነጩ ክር ነበር፤ እሱን በጠሱት። የሞተው ካልበሰበሰ፣ ያለው ምን ይበላል?» አሉ። ጉልበታቸው ለማን እንደተናገረ አይታወቅም፤ ሽማግሌው ግን ከዚያ በኋላ አልታዩም።

ይህን ሕግ የሚያስከብሩ አሽታች የሚባሉ ሹማምንት ነበሩ። አፍንጫቸውን በጥጥ ሸፍነው ይሄዳሉ፤ ሰው ደጃፍ ሲደርሱ ይገልጡታል። ሽንኩርት አይበሉም። ከሚስቶቻቸው ጋር አንድ ክፍል አያድሩም፤ ጠረን እንዳያሳስታቸው። አሽታች አንዴ ካስነጠሰ ቤቱ ይጠረጠራል። ሁለቴ ካስነጠሰ ይፈተሻል። ሦስቴ ካስነጠሰ ይለሰናል። ሲያስነጥስ «ይማርህ» ያለ ሰው የተከሳሹ ተባባሪ ነው። አንድ ክረምት አንዱን አሽታች ጉንፋን ይዞት የአንድ ሰፈር እኩሌታ አለቀ።

መለሰን ማለት ይኼ ነው። ባለቤቱን ከውስጥ ይተዉና በሩንም መስኮቱንም በጭድ ጭቃ ይደፍኑታል። በሰባተኛው ቀን ከላይ እስከ ታች ኖራ ይቀቡታል። ከተለሰነበት ሰዓት ጀምሮ ቤት መባሉ ይቀርና «ባዶ ቦታ» ይባላል። በዚያ የሚያልፍ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። እስከ አራት አምስት ቀን ከውስጥ ይንኳኳል። ልጅ ጠይቆ «እማዬ፣ ምንድን ነው?» ያለ እንደሆነ፣ «ባዶ ቦታ ነፋስ ይወዳል» ይባላል።

እንግዲህ በዚህ አገር ትሁኔ የምትባል ሴት ነበረች። ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው፤ ማን ምን እንደበላ ከጢሱ ታውቃለች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከአረማመዱ ታውቃለች። ክፋት የላትም። ብቻ ያየችው ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም።

አጥር የምትጋራት ማንጠግቦሽ የምትባል ጎረቤት ነበረቻት። ሁለቱ ከአንድ ማሕፀን አይውጡ እንጂ እህት ማለት ናቸው። ይቺ ማንጠግቦሽ ቡሃቃ ሁሉ አመድ ሲጠጣ ጭብጥ የማትሞላ እርሾ በትንሽ ቅል አድርጋ ጣሪያው ሣር ውስጥ ሸሽጋ ነበር። ዝናብ ጠረን ሲያፍን ጠብቃ ሙልሙል ትጋግርና ግማሹን በአጥር ቀዳዳ ለትሁኔ ታሾልክላታለች።

«እንደ ቁርባን ዝም ብለሽ ዋጪው» ትላታለች። «ደግሞ እንዳትወደሺው፤ ከወደድሽው ታወሪያለሽ።»

«እኔ? ለማን?»

«ለማን አታወሪም?»

ከዕለታት በአንዱ ምንጭ ወርደው፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት «ይሄ ቂጣ ጥርሴን ጨረሰው፤ ምላሴ የሚጣፍጥ ነገር ረስቷል» ብላ ብታማርር፣ ትሁኔ ሳቀች።

«ወይ አንቺ! ትናንት አፌ ላይ ያሟሟሁትን ብታውቂ!»

«ምን ይሆን እቴ?»

«እኔ እንጃ። ፈጣሪ ካጥር ወዲያ ማዶም ይሠራል።»

ከዚህ የበለጠ አላለችም። ግን በቂ ብላለች። ደብሪቱ ለባሏ ነገረች፣ ባሏ ለአማቹ፤ አማቹ የአሽታቾችን ጥጥ አጣቢ ነው። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ጎሹ የሚባለው አሽታች ማንጠግቦሽ ደጃፍ ቆሞ ጥጡን ገለጠ።

አስነጠሰ። መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ ባለበት ቆመ፤ ሕጉ ነው። እንስራ ያዘለችው እንዳዘለች፣ ጎንበስ ያለው እንደጎነበሰ።

ሁለተኛ አስነጠሰ።

ማንጠግቦሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «ብርድ መትቶህ ነው መሰለኝ ጌታዬ» አለችው። «ዝንጅብል ላፍላልህ?»

ከቆሙት አንዱ ሳቁ አመለጠውና መልሶ ዋጠው።

ሦስተኛ አስነጠሰ። ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ከጎሹ ዓይን ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ፣ «ይማርህ!» አለች።

ቅሏን ከጣሪያው አወረዷት። «ከማን ጋር ስትበዪ ኖርሽ?» ቢሏት፣ «ብቻዬን» አለች። «ጎረቤቶቼ ንፉጎች ናቸው፤ እኔም ንፉግ ነኝ።» ወደ ትሁኔ በኩል አንዴም አልዞረችም።

በሩን በፊቷ ለሰኑት።

በመጀመሪያው ቀን በመዳፏ ነበር የምትመታው፤ ግድግዳው ዱብ ዱብ ይላል። ትሁኔ ጓሮዋ ውስጥ እግሯ ተተክሎ ቀረ። ከጭቃው ውስጥ ድምፅ መጣ፤ «ትሁን! ትሁን፣ አለሽ?» ያ ለአንድ ቀን እንኳ ተዘግቶ የማያውቅ አፍ «አለሁ» ማለት አቃተው። ለባዶ ቦታ የመለሰ ሰው ይለሰናላ። ገብታ ጆሮዋን በሁለት ጣቷ ደፈነች፤ ዱብታው ግን በወለሉ በኩል፣ በእግሯ መዳፍ ገባ። በሁለተኛው ቀን በአንድ ትንሽ ነገር፣ በማንኪያ ይሁን በጠጠር፣ ቀጭ ቀጭ አለ። በሦስተኛው ቀን በጥፍር ሆነ።

ትሁኔ እህል አልወረደላትም። «የገደልኳት እኔ ነኝ» ትላለች በሆዷ፤ ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል? ሰባቱ ቀን ሞልቶ ኖራው የተቀባ ለት ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እየዘነበ ጓሮዋን ስትጠርግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከወደቀ አጣና ጎን፣ አየችው። የጅብ ጥላ። ነጭ፣ እርጥብ፣ አንገቱን ወጣ አድርጎ። ቤቷን ከመሠረቱ ሊቆፍሩት ነው። ልትጨፈልቀው እግሯን አነሳች።

እግሯ አየር ላይ ቀረ። ከነሥሩ ይነቀላል። የማንም ግቢ ቢሆን ይቆፈራል። የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በታች ነው።

እግሯን ቀስ አድርጋ ከጎኑ አሳረፈችው።

ዝናቡ ሲጠነክር አሽታቾች አፍንጫቸው እንዳይርስ ሸሽተው ተጠለሉ፤ የረጠበ አፍንጫ አይፈርድም። መንገዱ ባዶ ሆነ። ትሁኔ እንጉዳዩን ከነአፈሩ በማንኪያ አንስታ፣ በጋቢዋ ሸፍና፣ ማንጠግቦሽ በር የነበረበት ዘንድ ደረሰች። ጭቃው ገና አልደረቀም። በጣቷ ፈለፈለች፣ ሰካችው፣ ዙሪያውን ደመደመችው።

ከውስጥ የጥፍሩ ድምፅ ቆመ።

«ማን ነው?» አለ አንድ የደረቀ ጉሮሮ።

ትሁኔ ከንፈሯን ጭቃው ላይ ለጠፈች። «እኔ ነኝ። አፈር ልብላልሽ፣ እኔ ነኝ። ሊከፍቱሽ ነው። እስከዚያው ዝም በይ።»

«ደግሞ ካንቺ ዝምታ ልማር?» አላት ጉሮሮው።

ዝናቡ ሲያባራ ትሁኔ መሀል መንገድ ወጥታ ነጠላዋን ጣለች። «ኧረ ያገር ያለህ! ባዶው ቦታ አበቀለ!»

እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈርዱት የዘር ዳኛው ይትባረክ ናቸው። የተዘራውን ካልተዘራው የሚለዩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በርጩማቸውን የሚሸከም አንድ ሎሌ ከኋላቸው፣ የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ ከጎናቸው አይጠፋም። በርጩማው ተቀመጠ፣ እሳቸው ተቀመጡ። በሸምበቆ ወደ እንጉዳዩ አመለከቱና እንደ ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ጠየቁት።

«ማን ዘራህ? ማን ዘራህ? ማን ዘራህ?»

«ዝም አለ» ብሎ ጸሐፊው ጻፈ።

ዳኛው ወደ ትሁኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ሰው የዘራው እንደሆነ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ይኖራል፣ ግድግዳው አይነካም። ያልተዘራ እንደሆነ ይቆፈራል። ምን ትያለሽ?»

«የጅብ ጥላ የሚዘራ ምን ያለ እብድ አለ ጌታዬ?»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋች። ጥፍሮቿ ሥር ጭቃው ሞልቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቤቴ እያፈሰሰ ግድግዳ ስመርግ ነው ጌታዬ። ክረምት አይደል?»

ዳኛው ጥፍሯን አዩ፣ እንጉዳዩን አዩ። አወቁ። ትሁኔ ማወቃቸውን አየች። ቀጥለው ግን ዓይናቸው ወደ ኮረብታው፣ ወደ ነጩ ጌታ አዳራሽ ወጣና እዚያ ቆየ።

«ያልተዘራ ነው» አሉ። «ከነሥሩ!»

ቆፋሪዎች ግድግዳውን ናዱት። ማንጠግቦሽ በአራት እግሯ ወጣች፤ ፀጉሯ ጭቃ፣ ጣቶቿ ደም። ትሁኔ ልትይዛት ተንደረደረች፤ ግን በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት እጇን መልሳ ሰበሰበች።

«ጌታዬ፣ ሰው ወጣ» አለ ጸሐፊው ብዕሩን አንጠልጥሎ።

«ባዶ ቦታ ውስጥ ሰው የለም። አፈር ብለህ ጻፍ፣ ዞር አድርጉት።»

ዞር አደረጓት። አሁን ትሁኔን ሌላ ፍርሃት ያዛት፤ በማንኪያ የተሰካ እንጉዳይ ምን ሥር አለው? ቆፋሪው ግን ከጭቃው ጭድ መሀል ጣቱን ሰዶ፣ «ይኸው» አለ። እንደተፈተለ ጥጥ የቀጠነ ነጭ ክር ነበር። ሳበው፤ አላለቀም። መሠረቱ ውስጥ ገባ፣ ከመንገዱ በታች አለፈ። ይህን ትሁኔ አልዘራችውም።

ተከተሉት። ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ ወሰዳቸው፤ ሕጉ ሕግ ነውና እሱንም ከፈቱት። እዚያ ያዩትን የዚያ አገር ሰዎች እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት። ከአገሩ ሁሉ በአመድና በኖራ የተባረረው ነገር የሄደው ወደዚያ ነበር፤ አሽታች የማይደርስበት ቦታ ሌላ የለማ! አልጋው ላይ፣ ጥግ ላይ፣ በር ሥር እንደተቀመጡ የቀሩትን ሰዎች ነጩ ክር ከራስ እስከ እግር ሸፍኗቸው ነበር። ዘመድ ያልገነዛቸውን እሱ ገነዛቸው። ብዙዎቹን ቀስ በቀስ ለአፈር አስረክቧል፤ ከወለሉ የወጣው አፈር ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አገሩ ከረሳው ዓመታት ያለፉት ዓይነት አፈር ነው።

ሰባት ነጭ ቤት ተከፈተ። ለባዶ ቦታ አይለቀስምና ማንም አላለቀሰም። አንዲት ሴት ብቻ «ጋሻዬ» አለች። ስሙን ካነሳች አምስት ዓመቷ ነበር።

ከሰባተኛው ቤት ክሩ ሽቅብ ኮረብታውን ወጣ። ቆፋሪዎች እያዘገሙ ተከተሉት፤ ሕዝቡም አንገቱን መድፋት ረስቶ ተከተለ። ክሩ ከነጩ ጌታ አዳራሽ ደረጃ ሥር ገባ።

ነጩ ጌታ በመስኮት ብቅ አሉ። «ምንድን ነው? ይትባረክ፣ ምንድን ነው?»

ዳኛው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና እጅ ነሱ። «ሳይዘሩት የበቀለው ነው ጌታዬ። እርስዎ ዘንድ እየመጣ ነው።»

ነጩ ጌታ የዚያን ቀን ወንበር ላይ ያዩት ትዝ አላቸው መሰል፣ ፊታቸው እንደ ልብሳቸው ሆነ። «ድፈኑት! እንዳይገባብኝ! ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑት!»

«መስኮቱንም ጌታዬ?»

«መስኮቱንም!»

«በሩንስ?»

«ሁሉንም አልኩህ!»

ጭቃ የሚያቦካ አልጠፋም። እንደዚያን ዕለት ተፋጥኖ የተሠራ ልስን የዚያ አገር ሰው አላየም። የመጨረሻው መስኮት ሲደፈን ነጩ ጌታ አንድ ሌላ ቃል ሲጀምሩ ተሰምተው ነበር፤ ዳኛው ቃሉ እስኪያልቅ አልጠበቁም። በርጩማቸውን አስነስተው በተደፈነው በር ፊት አስቀመጡ። «ጌታችን እስኪወጡ ድረስ እኔ እጠብቅላቸዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ መንኳኳት ተጀመረ። ዱብ፣ ዱብ፣ በመዳፍ። ሕዝቡ ምን ያድርግ? አንገቱን ደፍቶ አለፈ። «ባዶ ቦታ ነፋስ ይወዳል።»

ማንጠግቦሽ በትሁኔ ቤት ተኝታ ውሃ በጨርቅ እየተጨመቀላት ነበር። ትሁኔ በምንጩ የተናገረችውን አንድም ሳታስቀር አልቅሳ ነግራታለች። ማንጠግቦሽም «ድሮስ ሌላ ማን ሊሆን ነበር?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳታናግራት አድራ፣ ጠዋት ውሃ ጠይቃት ነበር። አሁን ቀና ብላ አዳመጠች።

«ነገ በማንኪያ ይሆናል» አለች። «ከዚያ በጥፍር። በአራተኛው ቀን ይደክማል።»

«ይድከማ! የእጁን ነው ያገኘ።»

«ድምፁን ባላውቀው ኖሮ እኔም እንዳንቺ እል ነበር» አለችና ተነሣች።

አፈሩ ከተገለባበጠ ወዲህ የጅብ ጥላ በየመንገዱ ዳር ብቅ ብሎ ነበር። ማንጠግቦሽ በቆሰሉ ጣቶቿ አንዱን አንስታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳትሸፍነው፣ ኮረብታውን ወጣች። ትሁኔ «አንቺ ተይ! ተይ አልኩሽ!» እያለች ከኋላዋ። ደርሳ የተደፈነው በር ላይ ሰካችው። «አበቀለ» አለች። «ይከፈት።»

ዳኛ ይትባረክ በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ሸምበቆውን አነሡ። አሁን ልብሳቸው ነጭ ነው። ሦስት ጊዜ መጠየቁንም ተዉት። አንዴ እንጉዳዩን፣ አንዴ የማንጠግቦሽን ጣት፣ ቀጥሎ የትሁኔን ጥፍር አዩና ፈገግ አሉ።

«ይሄስ የተዘራ ነው» አሉ። «የተዘራ ደግሞ የተፈቀደ ነው። ይኑር። ግድግዳው አይነካም።»

ጸሐፊው ጻፈ። ከውስጥ ዱብታው ቀጠለ። ትሁኔ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ነው መሬት መሬት የሚያየው ዓይኗ ያረፈው። ከዳኛው በርጩማ ሥር፣ በሦስቱ እግሮች መሀል፣ የተረገጠው አፈር አብጧል። ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ነጭ፣ እርጥብ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ቆቡን ወደ ላይ ይገፋል።

ጎሹ አሽታቹ አጠገባቸው አፍንጫውን በጥጥ እንደሸፈነ ቆሟል። ማንም አላየም።

ዳኛው «ምን ታያለሽ አንቺ?» አሏት።

«ምንም ጌታዬ» አለች ትሁኔ።

የማንጠግቦሽን ክንድ ይዛ ኮረብታውን ወረደች። በመንገድ ደብሪቱ፣ «ምን አያችሁ? ምን አሉ?» ብላ ተንደርድራ መጣች። ትሁኔ አለፈቻት። ያን ቀን፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያየችው ነገር ሆዷ ውስጥ አደረ።